የምስጋና መልእክት፦ የጓሳውን እሳት ላጠፋችሁ ሁሉ

የደጋ ሣር ምድራችን ጓሳ ሲቃጠል ሥራውን ጥሎ ለወጣው የመንዝ ሕዝብ፣ ከመሐል ሜዳ በሌሊት በአይሱዙ ተጭነው ለደረሱልን ወጣቶች፣ ቆሎና ጠላ ላቀበሉ እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከሁሉ በፊት ግን ዕድሜያቸውን ለዚህ ጋራ የሰጡትን አዛውንት አርሶ አደር እናመሰግናለን። ስማችን አይጠራ ብለዋል፤ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

እሳቱ የቆመው እሳቸው በየዓመቱ ይታጨድ እያሉ በሚሟገቱለት የእርሻ ዳር ነው። አጭዶ እዚያው መተው ከቆመው ሣር ይብሳል፣ ድርቆሽ ነዋ! ተጠርጎ አፈሩ ሲታይ ነው እሳት የሚያቆመው። በዕለቱም «ከላይ ሆናችሁ አትግጠሙት» እያሉ ጎረምሳውን የመለሱት እሳቸው ናቸው። ዳገት የሚወጣ እሳት ከፊቱ ያለውን ሣር በወላፈኑ አስቀድሞ ያደርቀዋል፣ ሰው ሮጦ አያመልጠውም። ከተቃጠለው ወገን ገብቶ በጎኑ ማጥበብ ይሻላል። የራሰ ጆንያም ይጫናል እንጂ ከፍ ተደርጎ አይመታም፣ ፍም ይበትናል። በአስታ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የመታችሁማ አይታችሁታል፤ እርጥቡም ይነድዳል።

ጓሳው በአጽመ ርስት (ከአባቶች በወረደ የጋራ መሬት ይዞታ) ዘመን ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ለክዳን፣ ለገመድና ለገሳ በተራ ይታጨድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ካላላው በኋላ ሳይታክቱ «ይዘጋ» ሲሉ ከኖሩት አንዱ እኚሁ አባት ናቸው። ውሻ ከብት ተከትሎ ጓሳ እንዳይገባ ስላሉም ስንቱ ተቀየማቸው! የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን የሚፈጀው ግን በውሻ በኩል ነው። ጭላዳውም ቢሆን ሣር ጨራሽ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ሲሳካለት ብቻውን 25 ብቻ ነው።

ሣሩ ከላይ ቢጠፋም ጉቶው ሥር ለሥር ይጨሳልና ለቀናት ዞራችሁ በእጃችሁ ጀርባ እየዳሰሳችሁ፣ እየቆፈራችሁ ያጠፋችሁ እረኞች፣ ያ ድካም ከነበልባሉ ይበልጣል።

በዕለቱ የቀሩ 3 አካፋዎችና አንድ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጠውላችኋል፤ ባለቤቶቻቸው መጥታችሁ ውሰዱ።

የጓሳ ዙሪያ ነዋሪዎች