ለጎፋ ተጎጂዎች የአሥር ዓመት መዝገብ ይከፈት

ለአዘጋጁ፣

ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ያ ናዳ የወረደው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ያን ሰሞን የሟቾቹን ቁጥር በየቀኑ እንሰማ ነበር። የተረፉት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ግን ማን ይንገረን? የተረፉትን ለአሥር ዓመት በየዓመቱ እየጠየቀ ኑሯቸውንና ጤናቸውን የሚከታተል መዝገብ ይከፈት እላለሁ፤ ጋዜጣችሁ ይህን ሐሳብ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው ያለቀው ለእርዳታ ሮጦ ነው። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣበት። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ጭምር እዚያው ቀሩ። እስቲ አስቡት፤ ቤተሰቡን ያጣው ሰው፣ ሲታመም የሚያየውንና ልጁን የሚያስተምርለትንም አብሮ አጣ።

እንዲህ ያለ ጉዳት ቶሎ አይሽርም። በ1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ ተመራማሪዎች ከአደጋው በፊት የመዘገቧቸውን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች መከታተል ቀጠሉ። ከ12 ዓመት በኋላም ከስድስቱ አንዷ የአደጋው የአእምሮ ጭንቀት አልለቀቃትም ነበር።

የጃፓኗ ኢዋኑማ ከተማ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች። ከ2003ቱ ሱናሚ በኋላ በዕጣ ለየብቻ ቤት የደረሳቸው አረጋውያን ከወዳጅ ጋር መገናኘታቸው ቀነሰ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቡድን የሰፈሩት ግን ግንኙነታቸው ጠነከረ። እድር የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ይገምታል። ሰፈራ የሚያቅደው ኃላፊ ፊት ግን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ሌላ ነው።

አቅም የለንም አንባባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ቡታጅራ ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግብ ኖሯል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የዚህ ዓይነት ሥራ ልምድ አለው፤ ለጎፋም ቅርብ ነው። ዝናብ ሲያጉረመርም እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ወላጅ ያጡት ልጆች ማን ጋ ናቸው? ይማራሉ? የምታርሱት መሬት አላችሁ? እድራችሁስ? እነዚህን በየዓመቱ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ታማሚ ሲገኝ ደግሞ መዝግቦ ማለፍ ነውር ነው፤ ሕክምና ያግኝ። ውጤቱም መጀመሪያ ለራሳቸው፣ በቋንቋቸው ይነገራቸው።

ምዝገባው ከመጪው ክረምት በፊት ይጀመር። ሰዉ ሥራና መጠጊያ ፍለጋ በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ
ከሀዋሳ