ስለ ሜዲኬይዱና ስለ ቅዳሜው ሺፍት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አለቃዎ ፓርኪንጉ ላይ የቅዳሜን ሺፍት ልጨምርልዎ ቢሉዎ ስለ መንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ ሰግተው «ሜዲኬይዴን ይነጥቁኛል» ብለው እምቢ ሊሉ እንደሆነ ከእህቴ ሰማሁ። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ሂሳቡን አብረን እንድናየው ብዬ ይህን ጻፍኩልዎ።

ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑ አዋቂዎች ሜዲኬይድ የምትሰጠው ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 138 በመቶ ካልበለጠ ሲሆን፣ ይህም በ2025 ለአንድ ሰው በወር 1,800 ዶላር ገደማ ነበር። እማማ ካረፈች ወዲህ ታክስ የሚያስገቡት ለብቻዎ ስለሆነ የሚታዩት እንደ አንድ ሰው ነው። የሚቆጠረውም እጅዎ የሚገባው ሳይሆን ታክስ ሳይቆረጥለት በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የሚጻፈው ነው፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ የሚያዩት ከታች ያለውን የተጣራውን ነው። በዚህ ስሌት አሁን በወር 1,700 ያገኛሉ፣ ቅዳሜ ሲጨመርበት ከ2,100 ያልፋል፤ ስለዚህ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከጣሪያው ማለፍ ያለ ኢንሹራንስ መቅረት ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ኢንሹራንስ ስለማይሰጥ፣ ከስቴቱ ማርኬትፕሌስ (የጤና ኢንሹራንስ መሸጫ ገበያ) በዓመት ገቢዎ ልክ በመንግሥት ድጎማ መግዛት ይችላሉ፤ ሜዲኬይዱ ከተቋረጠ በኋላም ለመመዝገብ ቢያንስ 60 ቀን አለዎት። ሲመርጡ ወርሃዊ ክፍያው አነስ ስላለ ብቻ ብሮንዝ የሚባለውን የኢንሹራንስ ደረጃ አይውሰዱ። በእርስዎ ገቢ ሐኪም ዘንድና መድኃኒት ቤት የሚከፈለውን የሚቀንሰው ተጨማሪ ቅናሽ የሚገኘው ሲልቨር በሚባለው ደረጃ ብቻ ነው፤ ለስኳር በሽታዎ በየጊዜው ደም ለሚመረመሩት ለእርስዎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሜዲኬይዱ ነፃ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ከሥራ ባልደረቦችዎ የሚሰሙት ሌላው ወሬ አያስጨንቅዎ። እኔ የምልክልዎ ገንዘብ ስጦታ ስለሆነ አይቆጠርም። የደሴው ቤትም ለአሁኑ አይቆጠርም፣ ኪራዩ ግን ገቢ ነውና መነገር አለበት። 65 ሲሞሉ ወደ ሜዲኬር፣ ማለትም ወደ አረጋውያኑ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ይዛወራሉ፤ ያኔ ሜዲኬይድን በተጨማሪነት ከፈለጉ ንብረትም ይጠየቃል፣ ለብቻው ለሚኖር ሰው ጣሪያው 2,000 ዶላር ነው። እሱን ጊዜው ሲደርስ እንነጋገርበታለን።

ሺፍቱን ይቀበሉ ባይ ነኝ፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ። ከተቀበሉ ለውጡን በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ፣ ያለፈውን ወር የደመወዝ ወረቀቶች እህቴ በስልኳ አንስታ ትላክልኝ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደውዬ ቅጹን አብረን እንሞላለን።

አክባሪ ልጅዎ