ለአባቴ፦ ስለ አበልጅዎ ጉዳይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከኮምቦልቻ ደሴ ምን ደብዳቤ ያጽፋል ብለው ይስቁብኝ ይሆናል። ግን ነገሩን በስልክ ባነሳሁ ቁጥር «በል እናትህ ታናግርህ» እያሉ ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። ደብዳቤ ከሆነ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያነቡልኛል ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ወደ ቀኝ ዞረው እጅ ነሱ። በግራዎ የክርስትና አባቴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቁ ነበር። እርስዎ ጋቢዎን ማስተካከል ያዙ። ጋቢው ምንም አልሆነም ነበር እኮ!

ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚያ ከታኅሣሥ ገብርኤል ነው። ማኅበሩ እሳቸው ቤት ወጣ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። የሐይቅ ዓሣ ወጥ ሆኖ ቀረበ። እርስዎ «በጾም ዓሣ?» አሉ፣ እሳቸው «ማን ከለከለ?» አሉ። ማኅበርተኞቹ «ስለ ገብርኤል ብላችሁ» ያሉትን እንኳ ሳይሰሙ እርስዎ ጽዋውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብዬ እኔ አልፈርድም። እርስዎ አይበላም ካሉ አይብሉ፣ ቤታችንም አይግባ። ክፋቱ ዓሣው ያን ዕለት አልቆ ጠቡ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው። እማዬ እንኳ እነሱን ቡና መጥራት ትታለች። እሷ ምን አጠፋች?

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለሠርጌ የክርስቲያኑ በሬ በአንድ በኩል፣ የእስላሙ በሌላ በኩል ታርዶ ነበር። የእስላሙን እንዲያርዱልን ጎረቤታችንን ሐጂን ቤታቸው ሄደው የለመኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከሐጂ ጋር ዕድሜ ልካችሁን ሥጋ አብራችሁ በልታችሁ አታውቁም። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ዒዱ፣ ገናው ግን አንድ ላይ ነው። በምግብ ምክንያት አንድ ቀን ክፉ ቃል ተነጋግራችሁ አታውቁም። ከአንድ ጽዋ ከሚጠጡት፣ አብረው ከሚጾሙት ሰው ጋር ግን በዓሣ ተቆራረጣችሁ። የወሎ ሰው አይደለን እንዴ? ይሄን ለማን ይነግሩታል?

ስለ ቦሩ ሜዳ ያጫወቱኝ ራስዎ ነዎት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን እዚሁ ደሴ አፍንጫ ሥር ሰብስበው ሲያከራክሩ ጉዳዩ የክርስቶስ ልደት ነበር፤ ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚል። ያ የሃይማኖት ሥር ነው፣ ቢከራከሩበትም ያምራል። ግን ከዚያው ጋር የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ተባለ። መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ተራው ሰው ግን እምነቱን እንደያዘ ስንቱ ተሰደደ፣ ስንቱ ቤት ተመሰቃቀለ! ይሄን ሲያወሩልኝ ያዝኑ ነበር። የእናንተን ጠብ ከዚያ አጠገብ ሳስቀምጠው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያስቀኛል።

«ታዲያ ስሕተት እያየሁ ዝም ልበል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዝም አይበሉ። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ አስተምር ብሎታል፤ የጌታ ባሪያ ሊጣላ አይገባውም ያለውም ለእሱው ነው። ቀስ ብለው ለብቻቸው ቢነግሯቸው ኖሮ ምናልባት ይሰሙዎት ነበር። በሰው ፊት፣ በገዛ ቤታቸው፣ እንግዳ አስቀምጠው ግን ማን ይሰማል?

«ያጠፋው እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ» ማለትዎንም እማዬ ነግራኛለች። ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን እስኪ እንደገና ይዩት። ጌታ መባህን ትተህ ሂድ ያለው ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ስታስብ ነው። አንተ በእሱ ላይ ቂም ሲኖርህ አላለም። የክርስትና አባቴ ደግሞ በእርስዎ ላይ አላቸው፤ ጽዋቸውን ትተው ወጥተዋላ! ስለዚህ እግሩ የእርስዎ ነው።

እንደሰማሁት በሚመጣው ወር ማኅበሩ የሚወጣው እኛ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ። ከፈለጉ አብረን እንሄዳለን፣ ካፈሩኝ ብቻዎን ይሂዱ። ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም፤ አበልጅ ለአበልጅ ምን ሽማግሌ ያሻዋል? ስለ ዓሣው ምንም አያንሱ። «ማኅበሩ እኛ ቤት ነው፣ እንዳትቀር» ይበሏቸው፣ ይበቃል። እሳቸው እንደሚመጡ እኔ እርግጠኛ ነኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «አባትህ ጉልበቱን ተሻለው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ወጡን በተመለከተ ለእማዬ ሽሮ ይሁን ብያታለሁ።

ልጅዎ
ከኮምቦልቻ