የመጽሐፍ ዓምዳችሁ ለገዢው አንባቢ ይናገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በጎንደር ከተማ መጻሕፍት እየተዋዋስን የምናነብ፣ ስላነበብነውም የምንጽፍ ሰዎች ነን። ጋዜጣችሁ ለመጻሕፍት ቦታ መስጠቱን እናከብራለን። ነገር ግን በዓምዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የምረቃ ዜና ነው። ማን በእንግድነት እንደ ተገኘ፣ ማን ንግግር እንዳደረገ፣ ደራሲው ማንን እንዳመሰገነ እናነባለን፤ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳንሰማ ጽሑፉ ያልቃል።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ መደብር ገብቶ ጥቂት ገጽ ገልጦ መወሰን ይችላል። ጎንደር ያለው ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በከተማችን ፒያሳ ካሉት መደብሮች ያጣውን መጽሐፍ በሰው አስልኮ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ነው የሚገዛው። የሚተማመነው በእናንተ ዓምድ ላይ ነው። ስለዚህ ዓምዱ እንዴት ቢሠራ እንደሚጠቅመው ከሥራው የምናውቀውን እንጻፍላችሁ።

ቅድሚያ የመጽሐፉ መረጃ ነው። ርእሱ መወሰድ ያለበት ከሽፋኑ ሳይሆን ከውስጠኛው የርእስ ገጽ ነው፤ ሽፋን ላይ ለውበት ሲባል ንኡስ ርእሱ ይቀራል፣ ቃላትም ይጣበቃሉ። አሳታሚና ማተሚያ ቤት አንድ አይደሉም። በአገራችን ብዙ ደራሲ በራሱ ገንዘብ ስለሚያሳትም መጽሐፉ ላይ የሚገኘው የድርጅት ስም የማተሚያ ቤቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያንን «አሳታሚ» ብሎ መጻፍ መጽሐፉን የሚፈልገውን ሰው ወደማይሸጥበት ቦታ ይልከዋል። «ሁለተኛ እትም» ሲባልም መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ተሻሽሎ ነው ወይስ እንዳለ እንደገና ታትሞ? የፊተኛውን እትም የያዘ አንባቢ አዲሱን ይግዛ አይግዛ የሚወስነው በዚህ ነው። የገጽ ብዛትና በሽፋኑ ላይ የታተመው ዋጋም አይቅሩ።

ከሁሉ የባሰው ችግር ፊደል ላይ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ስማቸውን በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሀሌታው ሀ ቢጽፈው፣ የአባታቸውንም ስም አንዱ በዐይኑ ዓ፣ ሌላው በአልፋው አ ቢጀምረው ለአንባቢ ጆሮ ለውጥ የለውም። ስልኩ ላይ ስሙን ጽፎ ለሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋበታል፤ ኮምፒዩተር እነዚህን የሚያውቃቸው እንደ ተለያዩ ፊደላት ነውና። «እስከ መቃብር» ተጣብቆ ሲጻፍም እንደዚያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጽሐፉ ላይ እንዳለው አንዲት ፊደል ሳይለውጡ መጻፍ። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አንዳንዴ የአባትን ስም አስቀድመው ስለሚመዘግቡ፣ አንባቢው «ዓለማየሁ» ብሎም እንዲፈልግ ማሳሰብ አይከፋም።

የዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ወሩ ካልታወቀ «1958 ዓ.ም.» ማለት በአውሮፓውያን 1965 ወይም 1966 ነው። የታሪክ መጽሐፍ የሚገመግም ሰው ይህን በከተማችን ዘመን ይፈትነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩበት ዓመት በአውሮፓውያን 1636 ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ 1628 ወይም 1629 ነው። «በ1636 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ካገኛችሁ ደራሲው ከውጭ ምንጭ ሲገለብጥ አቆጣጠሩን እንዳልቀየረ እወቁ፤ ሌሎቹንም ዓመተ ምሕረቶች አንድ በአንድ መርምሩ።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ ገምጋሚው እርሳስ ይዞ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ አለበት። ያላለቀ ንባብ ቶሎ ይታወቃል፦ ጥቅሶቹ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች የመጡ ይሆናሉ፤ ሐሳቡም ከመቅድሙ ተቀድቶ ይገኛል። ለ700 ቃላት ጽሑፍ ታሪኩን ለመተረክ 150 ቃላት ይበቃሉ፤ ትረካውም የመጽሐፉን የመጀመሪያ ሲሶ ባያልፍ ይመረጣል። የቀረው ቦታ ለማስረጃ ነው። «ቋንቋው ውብ ነው» የሚል ፍርድ ብቻውን ለአንባቢ ምንም አይሰጥም። አራት አምስት መስመር ከነገጽ ቁጥሩ ጠቅሳችሁ ውበቱን አሳዩ፤ የደከመበትንም ቦታ እንዲሁ። ምልልስ ያለበትን ገጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ እጅግ ይረዳል። መሪጌታውና የታክሲ ረዳቱ በአንድ አፍ የሚናገሩ ከሆነ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፣ ዓይን ግን ያልፈዋል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጭና ደራሲ ተጠቅሶ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። አንድ ምዕራፍ ወይም አጭር ልብ ወለድ እንዳለ አውጥቶ «ቅምሻ» ማለት ግን ከመጥቀስ ያልፋል፤ ፈቃድ ይጠየቅበት።

ግጥም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። «የወል ቤት» በሚባለው የግጥም ዓይነት አንድ ስንኝ 12 ቀለም (የንባብ ድምፅ) አለው፤ 6 ቀለም ሲነበብ ትንፋሽ ይወሰድና ሌላ 6 ይከተላል። የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ስለሆነ ስንኙ መካከሉ ላይ ይሰበርና አንዱ ሁለት መስመር ይመስላል። ያን ጊዜ ቤት መምቻው በየሁለት መስመሩ የሚመጣ ስለሚመስል አንባቢው ግጥሙን አያገኘውም፤ ጥፋቱንም በገጣሚው ላይ ያሳብባል። ገጹን ለሚያቀናብረው ባለሙያ «ይህ ቁራጭ በሁለት ዓምድ ስፋት ይግባ» ብሎ ማስታወሻ መተው ይበቃል። ቦታ ከሌለ ፊደሉን ከማሳነስ ይልቅ ሁለት ስንኝ ብቻ መጥቀስ ይሻላል።

ስለ ጥራዙም አንድ ነገር ተናገሩ። መጻሕፍት የሚታተሙት በትልልቅ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ታጥፎ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። በጥረዛ ጊዜ አንድ እጥፋት ሲዘለል የሚጎድለው አንድ ቅጠል ሳይሆን 16ቱም ገጽ ነው፦ ከገጽ 96 ቀጥሎ 113 ይመጣል። ሁለት ጊዜ የገባም ይኖራል። ገዢው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት በየ16 ገጹ፣ 17ን፣ 33ን፣ 49ን እያለ ቢገልጥ በደቂቃ ውስጥ ይለየዋል። የፊደሉ ጫፍ የተበላ፣ የገጹ ኅዳግ የተዛባ፣ የሽፋኑ ቀለም የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ያለ ፈቃድ የተባዛ ሊሆን ስለሚችል ገዢው ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ለደራሲው ሳንቲም አያስገኝለትም።

ገምጋሚው መጽሐፉን ከደራሲው በስጦታ አግኝቶት ከሆነ ከጽሑፉ ግርጌ ይግለጽ። ወዳጁ ወይም ዘመዱ ከሆነ ለሌላ ሰው ይተውለት።

ዓምዱን በተወሰነ ቀንና ገጽ እንድታደርጉልን እንጠይቃለን፤ ያን ጊዜ ቆርጦ ማስቀመጥም ይቻላል። ማስታወቂያ ገብቶ ቦታው ወደ 300 ቃላት ቢወርድ መጀመሪያ ትረካውን፣ ቀጥሎ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ቀንሱ። የመጽሐፉን መረጃና ባለ ገጽ ቁጥሩን ጥቅስ ግን አትንኩብን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከጎንደር