ከሕዝበ ውሳኔ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የመገንጠል መብትን ስለሚፈቅደው የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 የሚጻፈው በአብዛኛው ድምፅ በመስጠቱ ላይ ያበቃል፤ አንቀጹ ራሱም የንብረት ክፍፍልን ቢጠቅስም ስለ ዜግነትና ስለ ገንዘብ ምንም አይልም። ኤርትራውያን በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ለመለየት በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሲሰጡ ነገሩ ለእኛ ለጎጃም ገበሬዎች ሩቅ ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ በ1990 ዓ.ም. ናቅፋ የተባለው የኤርትራ ገንዘብ በዚያ አገር ብርን ሲተካ የሁለቱ አገሮች ንግድ ታወከ፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ሲነሣም የአሰብ መንገድ ተዘግቶ፣ ለማሳችን የምንጠብቀው ማዳበሪያ ሳይቀር በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ መስጠታቸው እንደ ማስረጃ ተይዞባቸው፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንደ ውጭ ዜጋ መባረራቸው ነው፤ የስልክ መስመሩም ተቋርጦ እስከ 2010 ዓ.ም. በመቆየቱ ወንድም የወንድሙን መርዶ በሌላ ሰው በኩል ይሰማ ነበር። ስለ ዜግነት፣ ስለ ጡረታና ስለ ዕዳ ክፍፍል የሕግ ባለሙያዎች በጋዜጣችሁ እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ