መድኃኒቱን በኪሎው ስጪው

ውድ ልጄ፣

እህትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የልጁ ትኩሳት አልወርድ ሲልሽ የፓራሲታሞል ሽሮፑን ደርበሽ ሰጠሽው አሉ። አሁን ይጫወታል ብላኛለች፤ ተመስገን። ቢሆንም ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ጠርሙሱንም ያዢ፤ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሰጠሽው ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ምልክቱ ላይታይ ይችላል።

የኔ ልጅ፣ የልጅ መድኃኒት በኪሎ ነው። ትኩሳቱ ስለበረታ መጠኑ አይጨመርም። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ150 ሚሊ ግራም አትለፊ። ደግመሽ ለመስጠት ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቂ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይብለጥ። ጠርሙሱን ደግሞ አንብቢው። አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይላል፣ ሌላው 250። ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ለ10 ኪሎ ልጅ ልኩ ነው። ከሁለተኛው ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጪው ግን ከልኩ አለፈ። በወጥ ማንኪያ መስፈሩንም ተዪ፤ ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዢ።

ወንድምሽ መንዝ አያትሽ ቤት ሳለን እንዲህ ነዶብኝ ነበር። አንቺ ገና አልተወለድሽም። አዝዬው መድኃኒት ቤት ስሮጥ ሽማግሌው ባለመድኃኒት «ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሳይመዘን አልሰጥም አሉ። ልጄ እየተቃጠለ ሚዛን ምን ያደርግልኛል ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ግን ዝም ብለው ገበያ ወሰዱን፤ ምስር ሻጯን ለምነው ሚዛኗን አስለቀቁ። በጋቢ እንደተጠቀለለ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥነው። ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ እኔን እኔን ያያል። ከዚያ ጋቢውን ለብቻው መዝነው ቀነሱ። ጋቢውን እንኳ! ስወጣ አላመሰገንኳቸውም። በኋላ ስጠይቅ አርፈዋል አሉኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

አንቺ ገበያ መሄድ አያስፈልግሽም። ልጁን ይዘሽ ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪና ቀንሺ። በየጊዜው መዝኚው፤ ለኩፍኝ ክትባት ሲሄድ የነበረው ኪሎ ዛሬ የለም። በኪሎው ነው ልጄ፣ በጎረቤት ልጅ ልክ አይደለም።

ሌላው፣ ያለሽው ሸዋ ሮቢት ነው። ቆላ ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለሽ አትተዪው። ሲያተኩሰው ወባ እንዳይሆን በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሪ። ከጎረቤት የተረፈ የወባ ኪኒን እንዳትሰጪው፤ እሱም በኪሎ ነው የሚታዘዘው። አስፕሪን ቤትሽ አይግባ። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል ሁለቱን አትደርቢ።

ተቆጣሁሽ አይደል? ሌሊቱን ብቻሽን ስታባብይው እንዳደርሽ አውቃለሁ፤ አንጀቴን በልተሽዋል። ሁለተኛ ግን በግምት እንዳትሰጪው። በሶና ቅቤ በመኪና ልኬልሻለሁ፣ መናኸሪያ ተቀበዪ። ጤና ጣቢያ ያሉሽንና የልጁን ኪሎ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ