የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከክበባት ሳምንት ለምን ይገለላሉ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ልጄ በሚማርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሞኑን የክበባት ሳምንት ተከብሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ቢቋረጥም፣ ግጥም ተነበበ፤ ረቡዕ የቀይ መስቀል ክበብ አባላት የሚደማ ቁስል በነጠላ ቁራጭ እንዴት እንደሚታሰር አሳዩ፤ ዓርብ ደግሞ ወላጆች ተጠርተን የሳይንስ ክበቡ ከጀሪካን፣ ከከሰልና ከአሸዋ የሠራውን የውኃ ማጣሪያ ተመለከትን። ውኃውስ ጠርቷል፤ ቅመሱ ያለን ግን የለም።

ቅር ያሰኘኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ደርሷል ተብለው ሳምንቱን ሙሉ ከክፍል እንዳይወጡ መደረጋቸው ነው። ብሔራዊ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። ሆኖም የድምፅ ማጉያውን ገመድ መቀጠልም ሆነ ድራማውን ማለማመድ የሚችሉት እነዚሁ ታላላቆች ናቸው፤ ታናናሾቹም ሥራውን የሚለምዱት ከእነርሱ ነው።

አስተዳደሩ ለከርሞ ቢያንስ የዓርብን ከሰዓት በኋላ እንዲፈቅድላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ